በቻኮ ሸለቆ የተቀበረው ከብት ጠባቂ

ባለፈው የፀደይ እረፍት አራት ሆነን ከዴንቨር ወደ ኒው ሜክሲኮ በረሃ ስንነዳ መቃብር እናያለን ብለን አልነበረም። የሄድነው ከሺህ ዓመት በፊት በቻኮ ሸለቆ የተገነባውን ታላቅ የድንጋይ ቤት፣ ፑዌብሎ ቦኒቶን ለማየት ነው። እናቴ በስልክ ስነግራት ድንጋይ ለማየት ያን ሁሉ ቤንዚን መጨረሳችን አልገባትም፤ ድንጋይ ከሆነ ላሊበላን እንኳ ሳላይ ለምን የሰው አገር ድንጋይ እንደምዞር ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ዳቦ፣ ቆሎና አንድ ፌስታል ድርቆሽ ይዘን ወጣን። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ግን ስለ ጉዟችን ለማውራት ሳይሆን፣ እዚያ ተቀብሮ ስላገኘነው ሰው ለመናገር ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቻኮ ሩቅ ነው። ዋናውን አስፋልት ከለቀቅን በኋላ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ኮረኮንች ነበር፤ መኪናችን ስትንቀጠቀጥ ከኋላ ያለው ቆሎ በየወንበሩ ሥር ተበተነ። እዚያ ማደያ የለም፣ ምግብ ቤት የለም፣ ስልክም አይሠራም። ከፍታው 1,900 ሜትር ገደማ ስለሆነ ቀን ፀሐዩ ይጠብሳል፣ ማታ ደግሞ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በዚህ ቦታ ማን ይኖራል እያልን ስንሄድ ገደሉ ሥር ፑዌብሎ ቦኒቶ ብቅ አለ።

ቅርጹ የግማሽ ክብ ነው። ከ800ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለሦስት መቶ ዓመት ያህል ሲጨመርበት፣ ሲፈርስና ሲታደስ የቆየ ሲሆን ከ600 በላይ ክፍሎች ነበሩት፤ አንዳንዱ ቦታ አራት ፎቅ ይደርስ ነበር። ድንጋዩ ቀጭን ቀጭን ሆኖ ስለተጠረበ ግድግዳው ከሩቅ ሲታይ የተሸመነ ይመስላል። በግቢው ውስጥ ኪቫ የሚባሉ ክብ የሥርዓትና የመሰብሰቢያ ክፍሎች አሉ። ጣሪያውን የተሸከመው ግንድ ደግሞ ከአካባቢው የተቆረጠ አይደለም። በሸለቆው ላሉት ትላልቅ ቤቶች ሁሉ ከ200,000 በላይ ዛፍ ከሰባ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ካሉ ተራሮች ተቆርጦ እንደመጣ ይገመታል። ጋሪ የለ፣ አጋሰስ የለ፣ በሰው ትከሻ ነው። የገንቢዎቹ ዘሮች ዛሬም አሉ፤ ሆፒ፣ ዙኒ፣ አኮማና ሌሎችም የፑዌብሎ ሕዝቦች ናቸው። በሸለቆው ዙሪያ አሁን የሚኖሩት ግን ናቫሆዎች ናቸው።

ከደቡቡ ግድግዳ ውጭ ስዞር መሬት ላይ አንድ ገል አየሁ። የአውራ ጣቴን ጥፍር ታክላለች፤ ነጭ መደብ ላይ ቀጫጭን ጥቁር መስመር አላት። ማንም አላየኝም። አንስቼ ጃኬቴ ኪስ ከተትኳት። ክልክል መሆኑን አውቃለሁ፤ መግቢያው ላይ ተጽፏል። ግን መሬቱ ሁሉ ገል ነው፣ አንዷ ብትጎድል ማን ያውቃል አልኩ በልቤ።

ከዚያ በስተምዕራብ በገደሉ ግርጌ ስንሄድ በእንጨት የታጠረች ትንሽ የመቃብር ቦታ አገኘን። ሪቻርድ ዌዘሪል የሚል ስም አለ። ጂኦሎጂ የምታጠናው ጓደኛችን ከጎብኚዎች ማዕከል የገዛችውን መጽሐፍ ገልጣ፣ ይህን ቦታ ሁሉ የቆፈረው ሰው መሆኑን ነገረችን። ሌላው ጓደኛችን ወዲያው ሌባ ነዋ አለ። ክርክሩ እዚያ ጀምሮ ዴንቨር እስክንገባ አላለቀም። እኔ ኪሴ ውስጥ ያለችውን እያሰብኩ ዝም አልኩ። ከተመለስን በኋላ ግን ስለ ሰውዬው ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ።

ዌዘሪል በ1858 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ተወለደ። ቤተሰቡ ኩዌከር የሚባሉት፣ ጦርነትን የሚቃወሙ ክርስቲያኖች ነበሩ። ወደ ካንሳስ፣ ከዚያም በ1880ዎቹ መጀመሪያ ኮሎራዶ ውስጥ ማንኮስ ወደምትባል ሸለቆ ተሰደው ከብት ማርባት ጀመሩ። ሪቻርድ የወንድሞቹ ታላቅ ነበር። ኮሌጅ አልገባም። ጎረቤቶቻቸው ከነበሩት ዩት ሕንዶች ጋር ቤተሰቡ በሰላም ይኖር ስለነበር፣ ክረምት ላይ ከብቶቻቸውን የዩቶች መሬት በሆነው በማንኮስ ገደሎች ውስጥ እንዲያሰማሩ ተፈቅዶላቸዋል። አኮዊትዝ የሚባል አንድ ዩት በገደሉ ውስጥ ከሌሎቹ ሁሉ የሚበልጥ የጥንት ሰዎች ቤት መኖሩን ለሪቻርድ ነግሮት ነበር።

ታኅሣሥ 18 ቀን 1888፣ በረዶ እየጣለ፣ ሪቻርድና የእህቱ ባል ቻርሊ ሜሰን የጠፉ ከብቶች ሲፈልጉ አንድ ገደል አፋፍ ላይ ደረሱ። ከማዶ ከተንጠለጠለው አለት ሥር፣ በዋሻ ውስጥ፣ ሙሉ ከተማ ቆሟል። ዛሬ ክሊፍ ፓላስ የሚባለው ነው፤ 150 ያህል ክፍሎችና 23 ኪቫዎች አሉት። ከብቶቹን ረስተው የተቆረጠ ዛፍ በገመድ አስረው መሰላል ሠርተው ወረዱ ይባላል። ሸክላው በተቀመጠበት ነበር፤ ባለቤቶቹ ትናንት የሄዱ ይመስል ነበር። እውነቱ ግን ከሄዱ ስድስት መቶ ዓመት አልፏቸዋል።

መጽሐፎቹ ይህን ቀን ግኝት ይሉታል። እኛ ይህን ቃል እናውቀዋለን፤ ጄምስ ብሩስም በ1770 ግሽ ዓባይ ደርሶ የዓባይን ምንጭ አገኘሁ ብሏል፤ የሰከላ ገበሬ ግን ከዚያ በፊትም ከብቱን ያጠጣ ነበር። አኮዊትዝም እንደዚያው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ጓደኛዬን ሌባ ያሰኘው ነው። ወንድማማቾቹ በየዋሻው እየገቡ ሸክላ፣ ጫማ፣ ቅርጫትና የሰው አጽም አወጡ። የመጀመሪያውን ስብስብ ለዴንቨሩ የታሪክ ማኅበር በ3,000 ዶላር ሸጡ፤ ይኸው እኛ የምንኖርባት ከተማ። በዚያ ዘመን የሚከለክል ሕግ አልነበረም። ቤተሰቡ ለስሚዝሶኒያን ተቋም ደብዳቤ ጽፎ ቦታው እንዲጠበቅና ሥራው በእነርሱ በኩል እንዲሠራ ጠይቆ ነበር፤ ገንዘብ የለንም የሚል መልስ ነው የመጣላቸው። እኔ ይህን ሳነብ በሰውዬው ላይ የነበረኝ ፍርድ ትንሽ ላላ።

በ1891 ጉስታፍ ኖርደንሾልድ የሚባል የ23 ዓመት ስዊድናዊ ወደ ማንኮስ መጣ። የሳንባ ነቀርሳ ነበረበት፤ ለትንሽ ቀን ሊጎበኝ መጥቶ በጋውን ሙሉ ቆየ። ሪቻርድን ያስተማረው እርሱ ነው፤ በአካፋ መዛቁን ትቶ በእጅ በሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ቀስ እያለ መፋቅን፣ እያንዳንዱ ዕቃ የተገኘበትን ቦታ መመዝገብን፣ ፎቶ ማንሳትን። ወጣቱ ስብስቡን በባቡር ሊልክ ሲል ዱራንጎ ከተማ ላይ ታሰረ። ሆኖም የጣሰው ሕግ ስላልነበረ ተፈታ፤ ዕቃውም ባሕር ተሻግሮ በመጨረሻ ሄልሲንኪ ገባ። ከመቅደላ የሄደውን የእኛን ቅርስ የሚያስታውስ ሰው ይህን ሲሰማ የሚሰማውን መናገር አያስፈልግም። ብቻ አንድ ልጨምር፦ በ2020 ፊንላንድ የሃያ ያህል ሰዎችን አጽምና አብረዋቸው የተቀበሩትን ዕቃዎች መለሰች፤ ዘሮቻቸውም ሜሳ ቬርዴ ውስጥ መልሰው ቀበሯቸው። ሌላው ስብስብ እዚያው ነው።

ዌዘሪል ከዚያ በኋላ የቆፈረው በተማረው መንገድ ነው። በ1893 እና 1894 ክረምት፣ የአንድ ሳሙና አምራች ባለጸጋ የልጅ ልጆች የሆኑት የሃይድ ወንድማማቾች ገንዘብ ሰጥተውት፣ ዩታ ውስጥ ግራንድ ገልች በሚባል ገደል ሲቆፍር አንድ ነገር ልብ አለ። ከገደል ቤት ሠሪዎቹ ወለል በታች፣ ምንም ነገር ከሌለበት አፈር ሥር፣ ሌላ ሰው ተቀብሯል። የእነዚህኞቹ የራስ ቅል ቅርጽ የተለየ ነው። ሸክላ የላቸውም፤ ያላቸው እጅግ ያማረ ቅርጫት ነው። ከታች ያለው ከላይ ካለው ይቀድማል ሲል ደመደመ፤ ሰዎቹም ቅርጫት ሠሪዎች የሚል ስም ወጣላቸው። ዛሬ ይህ የአንደኛ ዓመት ትምህርት ነው። ያኔ ግን አንዳንድ ምሁራን ከብት ጠባቂው ዕቃውን በውድ ለመሸጥ የፈጠረው ተረት ነው ብለው ናቁት። ትክክል መሆኑ በሌሎች ቁፋሮ የተረጋገጠው እርሱ ከሞተ በኋላ ነው።

የሚገርመኝ የስሙ ነገር ነው። ዌዘሪልና ጓዶቹ በገቡበት ዋሻ ሁሉ ስማቸውንና ዓመቱን ግድግዳው ላይ ይጽፉ ነበር። መቼም የጥንት ግድግዳ ላይ ስም መጻፍ ነውር ነው። ነገር ግን ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ተመራማሪዎች እነዚያን ጽሑፎች ተከትለው፣ ሙዚየም ውስጥ አድራሻቸው የጠፋ ዕቃዎች ከየትኛው ዋሻ እንደወጡ ለማወቅ ችለዋል። ነውሩ መረጃ ሆነ።

በ1895 መሣሪያ እየተጫወተ በሠረገላ የሚዞር ፓልመር የሚባል ቤተሰብ ማንኮስ ደረሰ፤ ቻኮን ማየት ስለፈለጉ ዌዘሪል መርቶ ወሰዳቸው። ልጃቸውን ማሪዬታን በቀጣዩ ዓመት አገባ። ሸለቆውንም አልተወም። በ1896 በሃይድ ወንድማማቾች ገንዘብ፣ በኒው ዮርኩ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ስም፣ ፑዌብሎ ቦኒቶን መቆፈር ተጀመረ። የሥራው ኃላፊ ተብሎ የተላከው ገና 23 ዓመቱ የነበረው ጆርጅ ፔፐር ነው። አገሩን፣ ቋንቋውንና ሠራተኞቹን የሚያውቀው ዌዘሪል ከእርሱ በታች ሆኖ ሠራ። አፈሩን የቆፈሩት ናቫሆዎች ነበሩ።

በአራት ዓመት ውስጥ 190 ያህል ክፍሎች ተቆፈሩ። ከአንዱ ጠባብ ክፍል ከመቶ በላይ ረጃጅም እንስራ መሳይ ሸክላዎች ተደርድረው ተገኙ። በሌላው የማካው በቀቀን አጽም ተገኘ፤ ያቺ ወፍ አገሯ ሜክሲኮ ነው። ቁጥር 33 በተባለው ክፍል ደግሞ አሥራ አራት ሰዎች ተቀብረው ነበር፤ ከአንደኛው ጋር ብቻ ከአሥር ሺህ በላይ የቱርኩዊዝ ዶቃና ጌጥ ነበረ። አብዛኛው በሣጥን ተጭኖ ኒው ዮርክ ገባ። በ2017 የታተመ ጥናት ከአጽሞቹ ዘጠኙ በእናት በኩል አንድ የዘር ሐረግ እንዳላቸው አሳየ፤ ለሦስት መቶ ዓመት ያህል ሹመቱ በእናት ዘር ይወረስ እንደነበር የሚጠቁም ነው። የፑዌብሎ ሕዝቦችን ማንም አለማማከሩ ብዙ ወቀሳ አስከትሏል። ዌዘሪል ከሞተ መቶ ዓመት አልፎትም ማለት ነው።

ስለ እነዚያ ረጃጅም ሸክላዎች አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ለምን ያገለግሉ እንደነበር ለረጅም ጊዜ አልታወቀም ነበር። በ2009 የወጣ ጥናት ውስጣቸው የካካዋ መጠጥ ይቀዳ እንደነበር አረጋገጠ፤ ካካዋ ደግሞ በዚህ በረሃ አይበቅልም፣ ከደቡብ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ይህ የታወቀው በሙዚየም ከተቀመጡት ሙሉ ሸክላዎች አይደለም። ከፑዌብሎ ቦኒቶ ፊት ለፊት ካለው የጥንት ቆሻሻ ክምር ከወጡ ጥቂት ገሎች ነው። ይህን ሳነብ አፈርኩ።

ዌዘሪል በፑዌብሎ ቦኒቶ ጥግ ቤትና የንግድ ሱቅ ከፈተ። ከናቫሆዎች ሱፍና የሚሸምኑትን ብርድ ልብስ እየገዛ ዱቄት፣ ስኳርና ቡና ይሸጥላቸዋል፤ ዱቤም ይሰጣል። እነርሱም አናሳዚ ብለው ጠሩት። ቃሉ በናቫሆኛ የጥንት ባዕዶች ወይም የጠላት አባቶች እንደማለት ነው። እርሱ ያንኑ ቃል ለጥንቶቹ ገንቢዎች መጠሪያ አደረገው፤ ከዚያ ምሁራን ተቀበሉትና መጻሕፍት ውስጥ ገባ። የፑዌብሎ ሕዝቦች አባቶቻችንን በሌላ ሕዝብ ቋንቋ ጠላት አትበሉብን ስላሉ ስሙ ዛሬ እየቀረ ነው።

በ1900 ሰፋሪዎች የመንግሥት መሬት በሚወስዱበት ሕግ ፑዌብሎ ቦኒቶ ያለበትን መሬት ለራሱ አስመዘገበ። ፍርስራሹን ከሌሎች ዘራፊዎች ለመጠበቅ ነው ብለው የሚከራከሩለት አሉ፤ ርስት ለማድረግ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ሁለቱም ይመስለኛል። ኤድጋር ሂዌት የሚባል የኒው ሜክሲኮ የኮሌጅ ኃላፊ ክስ አሰማ፤ መንግሥት መርማሪ ላከ፤ ቁፋሮውም እንዲቆም ተደረገ። ሂዌት ራሱ በማርቀቅ የተሳተፈበት የጥንታዊ ቅርስ ሕግ በ1906 ጸደቀ። በ1907 ቻኮ ብሔራዊ ቅርስ ሆነ፤ ዌዘሪልም ፍርስራሾቹ ባሉበት መሬት ላይ ያነሳውን የባለቤትነት ጥያቄ ተወ። እንግዲህ ዛሬ በአሜሪካ የመንግሥት መሬት ላይ ገል ማንሳትን የሚከለክለው ሕግ መነሻ ከሆኑት ሰዎች አንዱ፣ እዚያው በአጥር ውስጥ የተኛው ሰው ነው ማለት ነው።

መጨረሻው አላማረም። ዱቤው ተከማቸ፤ ዕዳውን የሚያስከፍልበት መንገድ ናቫሆዎቹን አስቆጣ፤ የአካባቢው የመንግሥት ሹምም ጠላቱ ነበር። በሰኔ 1910 ከእርሱ ዘንድ ይሠራ የነበረ ቢል ፊን የሚባል ከብት ነጂ በአንድ ፈረስ ምክንያት አንድ ናቫሆ ደበደበ። ሰኔ 22 ምሽት ላይ ዌዘሪልና ፊን ከብት እየነዱ ሳለ ቺስ ቺሊንግ ቤጋይ የሚባል ናቫሆ ዌዘሪልን በጠመንጃ ተኩሶ ገደለው። ዕድሜው 52 ነበር። ገዳዩ ተፈርዶበት ጥቂት ዓመታት ከታሰረ በኋላ በሕመም ምክንያት ተለቀቀ። ማሪዬታ አምስት ልጆችና ዕዳ ታቅፋ ሸለቆውን ለቀቀች። በ1954 ስትሞት አመዷ ተመልሶ ከባሏ ጎን ተቀበረ።

በዚያች ቀን ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። የማውቀው ጓደኛዬ ከመጽሐፉ ያነበበችልንን ብቻ ነው። ሌላው ጓደኛችን ሌባ ነው ብሎ ድርቅ ሲል፣ እርሷ ያኔ እርሱ ባይመዘግበው ኖሮ ሌላው በአካፋ ዝቆ ይጨርሰው ነበር ትላለች። እርሱም ለሟቾቹ በመዝገብ መዘረፍና በአካፋ መዘረፍ ምን ለውጥ አለው አላት። በመጨረሻ እኔ ምን እንደምል ጠየቁኝ።

ሽንት ቤት ልሂድ ብዬ ብቻዬን ወደ ፑዌብሎ ቦኒቶ ተመለስኩ። በ1941 ከገደሉ ተገንጥሎ ሠላሳ ያህል ክፍሎችን ያፈረሰው ግዙፍ አለት ጎን አልፌ በደቡቡ ግድግዳ ዞርኩ። ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ገሏን ከየት እንዳነሳኋት በደንብ የማውቅ መስሎኝ ነበር፤ ከአንድ ቁጥቋጦ አጠገብ ነው፣ ከግድግዳው አምስት እርምጃ ያህል። ቁጥቋጦው ግን ብዙ ነው፣ ግድግዳውም ረጅም ነው። አንድ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ከመኪናው ጡሩምባ ሲነፉልኝ፣ ይሆናል ባልኩት ቦታ አስቀምጫት ሄድኩ።